ከድሬ እስከ ጅግጅጋ በትከሻ፦ ርካሽና ቀላል ላፕቶፕ አመራረጥ፣ ከሚዛን እስከ ደረሰኝ

ኑሮዬ ግማሹ መንገድ ላይ ነው። የድሬዳዋና የሐረር፣ አንዳንዴም የጅግጅጋ ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው፤ ማታ ስወርድም እዚያው። ላፕቶፕ ሊገዛ ያሰበ ዘመድም ጎረቤትም «አቦ፣ አንተ ታውቃለህ፣ የቱን ልግዛ?» እያለ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ከባድ ጌም ለሚጫወት ወይም የሕንፃ ዲዛይን ለሚሠራ ሰው ይህ አይሆነውም። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴል፣ ለኢሜይልና ለቴሌግራም፣ አልፎ አልፎ ለቪዲዮ ስብሰባ፣ ማታ ደግሞ አልጋ ላይ ድራማ ለማየት የሚፈልግ፣ ዕቃውን ተሸክሞ የሚዞር፣ ኪሱም የተወሰነ ሰው ግን ይከተለኝ።

መጀመሪያ የእኔን ስህተት ስሙ

የመጀመሪያው ላፕቶፔ አዲስ ነበር። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ፣ እንደ ደብተር የቀጠነ። ሻጩ «ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል» አለኝ፤ በዚህ እንኳ ብዙም አልዋሸም። ውስጡ ግን ሴለሮን የሚባል ፕሮሰሰር (የላፕቶፑ አንጎል ማለት ነው)፣ 4 ጂቢ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ ነበር። ኢኤምኤምሲ በርካሽ ስልኮች ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ማከማቻ ነው። አይቀየርም፣ አይጨመርም። አራት ወር ሳይሞላ ማሻሻያ ልጫን ሲል ቦታ አጣ፤ ፋይል ባጠፋለትም ያው ሆነ።

ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ አንድ ደንበኛዬ ዘንድ የሆነውን አልረሳውም። አቦሉ ሲቀዳ የዓመቱን ሒሳብ ከፈትኩ። ፋይሉ ተከፍቶ ማንበብ ስጀምር በረካው እየተጠጣ ነበር። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ «ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል ልጄ» ብለው አለፉት። ሐረር ላይ፣ በጥር!

ከዚያ ወዲህ አቋሜ አንድ ነው፦ በተመሳሳይ ብር ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻላል። የቢሮ የምለው የውጭ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በብዛት ገዝተው፣ ሦስት አራት ዓመት ሠርተውበት የሚያወጡትን ነው። ሲሠራ እንዲጠገን ተደርጎ ነው፤ ታችኛው ክዳን በተራ ብሎን ይፈታል፣ መለዋወጫውም ይገኛል።

1. የሳምንት ውሎአችሁን ጻፉ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አስፍሩ። ከሶኬት ርቃችሁ በተከታታይ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ? ዕቃውን የምትሸከሙት በትከሻ ነው ወይስ በመኪና? ጠቅላላ ስንት ብር አላችሁ?

ከብሩ ላይ ከአሥር እጅ ሁለቱን ለብቻ አስቀምጡ። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ባትሪ፣ ራም ወይም ጥሩ ቻርጀር መጨመሩ አይቀርም። ያላችሁን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ጨርሳችሁ በደከመ ባትሪ ከምትንከራተቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን በሙሉ ጤናው ብትይዙ ይሻላል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው፤ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያሳስታችኋል። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ መካከለኛው ዋጋ እሱ ነው።

2. በሚዛን አስመዝኑ

ይህን ስል ሰው ይስቃል። አንድ ቀን ከፊራ ገበያ በርበሬ የምገዛባቸውን እናት «እማማ፣ ይቺን መዝኑልኝ» ብዬ ላፕቶፔን ሚዛኑ ላይ አኖርኩ። 1 ኪሎ ከ500 ሆነ። ቻርጀሩን ከነገመዱ ስጨምርበት 1 ኪሎ ከ900 አለፈ። «ሁለት ኪሎ ነው በለው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ክብደት ቻርጀሩን አይጨምርም፤ ትከሻ ግን ሁለቱንም ነው የሚሸከመው።

ተሸክሞ ለሚዞር ሰው 13 ወይም 14 ኢንች ይበቃል፤ እነዚህ ባብዛኛው ከ1.1 እስከ 1.5 ኪሎ ናቸው። 15.6 ኢንች ያላቸው ሁለት ኪሎ ግድም ይደርሳሉ፤ በሚኒባስ ወንበር መካከልም በቅጡ አይከፈቱም። ከ12.5 ኢንች በታች ደግሞ ኤክሴል ሲሠሩበት ዓይን ያደክማል።

ቻርጀሩን ማቅለል ከላፕቶፑ ይቀላል። በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ላፕቶፕ ከመረጣችሁ ጋን የሚባለው ዓይነት ባለ 65 ዋት ትንሽ ቻርጀር ለስልኩም ለላፕቶፑም ይሆናል። እኔ ያንን ጡብ የመሰለ ቻርጀር ቤት ትቼ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ ዙሬ ሁሉ ቀልሎኛል።

3. የማሽኑን ስም ይዛችሁ ሂዱ

«ጥሩ ላፕቶፕ አለህ?» ብሎ ሱቅ የገባ ሰው ሻጩ ሊያወጣ የፈለገውን ይዞ ይወጣል። ስም ይዛችሁ ግቡ።

ከኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ባለ 14 ኢንች ሲሆን 1.5 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ታናሽየው 830 ጂ5 ባለ 13.3 ኢንች ነው። ከዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ከእሱ የሚያንሰው 7390 አሉ። ከሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ኤስ 1.3 ኪሎ ግድም ነው፤ ኤክስ1 ካርቦን 6ኛው ደግሞ 1.13 ኪሎ ብቻ። እነዚህ ሁሉ የ2018 አካባቢ ማሽኖች ናቸው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ብር ከተረፈ የእነዚሁኑ ተከታይ ውሰዱ፦ 840 ጂ6፣ 7400፣ ቲ490ኤስ እያለ ይቀጥላል።

አንድ ልዩነት አስታውሱ። በ840 ጂ5 እና በ7490 ላይ ራሙ ሁለት ቦታ አለው፤ ዛሬ 8 ጂቢ ገዝታችሁ ነገ 16 ታደርጉታላችሁ። ኤክስ1 ካርቦን ላይ ራሙ የተበየደ ነው፤ ስትገዙት ያለው ነው ያለው። ቀላልነትን የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ይከፍላል።

ለመብራት መጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ ቲንክፓድ ቲ480ን ይመልከት፤ መጨረሻው ላይ ኤስ የሌለውን። ሁለት ባትሪ አለው፦ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከታች የሚነቀል። ላፕቶፑን ሳታጠፉ የታችኛውን ነቅላችሁ የተሞላ መለዋወጫ ትሰካላችሁ። ከቲ480ኤስ በ200 ግራም በላይ ይከብዳል፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ መብራት የሌለበት ሱቅ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ማክቡክ ኤርስ? በ2020 መጨረሻ የወጣው ባለ ኤም1 ቺፑ 1.29 ኪሎ ነው፤ ባትሪው ከላይ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ያስከነዳል፣ ማራገቢያም ስለሌለው የድሬን አቧራ አይምግም። ዋጋውን የቻለ ይግዛው። ግን ራሙም ማከማቻውም አይቀየርም፣ ከተበላሸም የሚነካው ባለሙያ ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት የወጡትን፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለባቸውን ማክቡክ ኤሮች ግን በዚህ ጊዜ አልመክርም።

ታብሌት ከነኪቦርዱ ለማንበብና ለመልእክት ይሆናል። ኤክሴል ለሚሠራ አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ።

4. ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ

ገበያው ውስጥ «ኮር አይ ሰቨን ነው» የሚለው ቃል እንደ መሐላ ነው የሚነገረው። አይ7 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዋናው ጀነሬሽኑ፣ ማለትም ትውልዱ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ አይ5-8250ዩ ከሆነ 8 ማለት ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፤ አይ5-10210ዩ ከሆነ አሥረኛ። መጨረሻ ላይ ያለችው ዩ ትንሽ ኃይል የሚበላ የቀላል ላፕቶፕ ፕሮሰሰር መሆኑን ትናገራለች።

ስምንተኛውን ድንበር አድርጉት። ምክንያቴ ሁለት ነው። ኢንቴል በዚያ ትውልድ የቀላል ላፕቶፕ አይ5ን ከሁለት ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) ወደ አራት ኮር አሳደገው፤ አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር ሲኖረው ከእሱ ቀጥሎ የመጣው አይ5-8250ዩ አራት አለው። በሰባተኛ ጀነሬሽን አይ7 ላይ ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው ስቲከር ነው የገዛው። ሁለተኛው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። «በአራተኛው ላይም ጭነንበታል፣ ይሠራል» የሚላችሁ አይጠፋም። በጓሮ በር የገባ ነው፤ ማሻሻያው አንድ ቀን ቢቀር ማንም አይጠየቅም።

ብር ፈጽሞ ካልደረሰና ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጀነሬሽን ብቻ ከተገኘ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት አስጭኑበት። ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም ይመቻል፤ የቢሮ ፕሮግራሙን ለመልመድ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ራም 8 ጂቢ ትንሹ ነው። ማከማቻው ኤስኤስዲ፣ ማለትም ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ይሁን፣ 256 ጂቢ ይበቃል። የሚሽከረከረውን የድሮ ሃርድ ዲስክ በነፃም ቢሰጧችሁ ተጓዥ አይያዘው። ውስጡ በሩጫ የሚዞር ሳህንና በላዩ የምትንሳፈፍ መርፌ አለ፤ እሱን ከፍቶ በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ መሄድ ማለት ደህና ሁን ፋይሌ ማለት ነው።

5. ስክሪንና ኪቦርድ

ስክሪኑ 1920 በ1080 እና አይፒኤስ የሚባለው፣ ከጎን ሲያዩት የማይገረጣው ዓይነት ይሁን። 1366 በ768 የሆነ፣ ከጎን ሲያዩት የሚገረጣ ስክሪን በተመሳሳይ የሞዴል ስም ይሸጣል፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ስክሪኑን እዩ። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሳይሆን ደብዛዛ ገጽ ምረጡ፤ ድሬ ላይ በረንዳ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የሚያብለጨልጨው የራሱን ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው። ኤሊትቡክ ላይ ደግሞ ጎን ያለ ሰው እንዳያይ የሚያጨልም የምስጢር ስክሪን ያላቸው አሉ። ለባንክ ሠራተኛ ጥሩ ነው፤ ለሌላው ጨለማ ነው።

ኪቦርዱን ልብ በሉ። ከዱባይ የመጣው የዓረብኛ ፊደል አብሮት አለ፤ ይህ ችግር የለውም። ከጀርመን የመጣው ዋይና ዜድን አቀያይሯል፣ ከፈረንሳይ የመጣው ኤና ኪውን። ዊንዶውሱን ወደ እንግሊዝኛ ብትቀይሩት ይታዘዛል፤ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ሆኖ ይቀራል። ሳያዩ የሚጽፉ አይቸገሩም፤ እያዩ የምትጽፉ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱበት ወይ ተዉት።

6. ባትሪ፣ ሙቀትና መብራት

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ እኛ አገር ላፕቶፕ የሚገድለው ይህ ነው።

የላፕቶፕ ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ሁልጊዜ መቶ ላይ መቀመጥም አይወድም። ድሬ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጡበታል፦ ቤቱ ይሞቃል፣ ላፕቶፑም «መብራት ሊጠፋ ይችላል» እየተባለ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ይውላል። አፕል ለማክቡክ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ነው። የድሬን ግንቦትና ሰኔ የሚያውቅ 35 ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች ከ1,200 ሜትሯ ድሬ ይልቅ ለባትሪ ትራራለች፤ ተመሳሳይ ላፕቶፕ በሁለቱ ከተማ እኩል አያረጅም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ስትመርጡ ቻርጁን 80 ላይ የሚያቆም ቅንብር ያለው ይሁን። ሌኖቮ በቫንቴጅ ፕሮግራሙ፣ ዴልና ኤችፒ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ አላቸው። ለጉዞ ቀን ብቻ ዋዜማውን ወደ መቶ ትመልሱታላችሁ።

ዋት ሰዓት የሚለውን ቁጥርም ተዋወቁት፤ የባትሪው ሆድ መጠን ነው፣ ከታች ወይም ባትሪው ላይ ተጽፏል። ቀላል ላፕቶፖች ባብዛኛው ከ45 እስከ 60 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ቁጥሩ ሌላም ሥራ አለው፦ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ፈቃድ ይታለፋል። ፓወር ባንክ ግን በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት አይገባም። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከድንበሩ በታች ነው፤ 65 ዋት በታይፕ ሲ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ቀላል ላፕቶፕን አንድ ጊዜ ያህል ይሞላል። ለስልክ ተብሎ የተሠራው፣ ዋቱ ትንሽ የሆነው ግን ላፕቶፕ ላይ ቢሰካም ምንም አያደርግ።

ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት 100-240 ቮልት» የሚል ካለ ከየትም ይምጣ እኛ 220 ላይ ይሠራል፤ ከአሜሪካ የመጣው ጠፍጣፋ ጥርሱ ብቻ ማስተላለፊያ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ምት ቻርጀር ይገድላል። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ቆዩና ሰኩ። ቤት ላይ ስታቢላይዘር ካለ ጥሩ፤ ተራ ዲቫይደር ግን ሶኬት ያበዛል እንጂ ምንም አይከላከልም።

7. ሱቅ ውስጥ የምታደርጉት

ጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ ድሬም ሐረርም ሱቁ ወይ ተዘግቷል ወይ ባለቤቱ በርጫ ላይ ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ እናንተ ግን የምትፈልጉት ሙሉ አንድ ሰዓት ነው። ፍላሽ፣ ኢርፎንና ዳታ ያለው ስልክ ያዙ። ላፕቶፑ ራሱ ሲም እንዲይዝ ብላችሁ ብር አትጨምሩ፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኔትወርኩን ከሁሉ አስቀድሞ የከፈተው ድሬ ላይ ነው፤ ሁለቱን ሲም ስልካችሁ ላይ አድርጋችሁ በሆትስፖት ትሠራላችሁ።

ባለፈው ጥር የአክስቴን ልጅ ይዤ ድሬ ታይዋን ገበያ ገባሁ። ሐረር ማስተማር ልትጀምር ነበር። ሻጩ ወጣት ነው፣ ንግግሩ ይጥማል። «እህቴ፣ ይቺ ወላሂ እንደ አዲስ ናት» ብሎ አንድ 840 ጂ5 መስታወቱ ላይ አኖረ። እውነትም ታበራለች። ምንም ሳልናገር በሁለት ጣት ማዕዘኖቿን ተራ በተራ ጫን ጫን አደረግኩ። ግራ ቀኝ ወዘወዘች፣ እንደ አጭር እግር በርጩማ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ።

«ባትሪዋ አብጧል።»

ገለበጥናት። የታችኛው ክዳን መሃሉ ላይ በትንሹ ተነፍቶ ነበር፤ ከላይ ደግሞ የመዳሰሻው ሰሌዳ በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ጠቅ ማለት አቁሟል። ያበጠ ባትሪ ሊነድ ይችላል፤ «ትንሽ ነው» የሚባል እብጠት የለም። ልጁ ደህና ልጅ ነው፣ ሳይከራከር ሁለተኛዋን አወጣ።

ሁለተኛዋ አልወዘወዘችም። ስትነሳ ኤፍ10ን ጫንኩ፤ ኤችፒ ባዮስ የሚከፈተው በእሱ ነው፣ ዴል በኤፍ2፣ ሌኖቮ በኤፍ1። የይለፍ ቃል ጠየቀችን። «እሱ አያስፈልጋትም፣ ለመምህር ምን ያደርግላታል» አለ። ያስፈልጋታል። የባዮስ ቁልፍ የቀድሞው ድርጅት የተወው ነው፤ ነገ ዊንዶውስ ልትጭን ስትል እጅ ይይዛል፣ ባትሪውን 80 ላይ የምታቆመውም እዚያ ገብታ ነው።

ሦስተኛዋ ተከፈተች። ከዚያ በኋላ ያለውን በዚህ ተራ አድርጉት፦

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና ስንት ቦታ እንደተያዘ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑ ተጽፏል። ስቲከሩን አትመኑ፣ ይህን እመኑ።

የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይወጣል፤ ማንኛውም ባለሙያ ያውቀዋል፣ አላውቅም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ የሚይዘው) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው)። የእኛዋ ላይ የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ሚሊ ዋት ሰዓት አካባቢ ነበር፤ 62 በመቶ ማለት ነው። ከ80 በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከ60 እስከ 80 ከሆነ ዋጋ ይቀነስ። ከ60 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ከላፕቶፑ ይነሳ።

ቻርጀሩን ነቅላችሁ በሆትስፖት ቪዲዮ ክፈቱና ሃያ ደቂቃ ይሂድ። ሰዓቱን ያዙ። በሃያ ደቂቃ 10 በመቶ ከወረደ ሦስት ሰዓት ከሃያ ትሠራላችሁ ማለት ነው። በዚህ መሃል ቁጭ አትበሉ፦ ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ንኩ፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ስሙ፣ ፍላሹን በሁሉም ቀዳዳ ሰኩ፣ ኢርፎኑን ሞክሩ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ማጠፊያው የሚንቋቋ ወይም ስክሪኑ በራሱ የሚወድቅ ከሆነ መንገድ ላይ ይሰበራል። ነጭ ምስል ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ ጥቁር ነጥብና ቢጫ ጥላ ፈልጉ። ጆሮአችሁን ወደ ማራገቢያው አስጠጉ። መሮጡ ያለ ነው፤ መፋቁ ግን ችግር ነው።

ቻርጀሩንም በታይፕ ሲው ቀዳዳ ሰክታችሁ መሙላቱን አረጋግጡ። ቀዳዳው ልል ሆኖ ገመዱ የሚወዛወዝ ከሆነ አትውሰዱ።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። የውጭ ድርጅት ማሽኑን በኢንተርኔት በኩል በስሙ አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል። አሁን ይሠራል፤ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ስትጀምሩና ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን የማታውቁት ድርጅት ኢሜይል ይጠይቃችኋል። ማክቡክም ይህ አለው፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልወጣ ጡብ ነው። ሻጩ እናንተ ፊት ሪሴት አድርጎ በእናንተ ሆትስፖት ይጀምረው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። አልፈልግም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለዊንዶውስ «ማስከፈቻ» ተብሎ የሚጠየቅ ብርም አትክፈሉ። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች ባብዛኛው ፈቃዳቸው ቦርዱ ውስጥ አለ፤ ኢንተርኔት ሲያገኙ በራሳቸው ይከፈታሉ።

8. ዋጋና ደረሰኝ

ከመሞከራችሁ በፊት ዋጋ አትከራከሩ። ሞክራችሁ ያገኛችሁትን ጉድለት በቁጥር ስታቀርቡ ክርክሩ ያጥራል፤ «ባትሪው 62 ነው» ያልነው ልጅ ወዲያው ዝም ብሎ ካልኩሌተር አነሳ። ባትሪውን ራሱ ቀይሮ እሰጣለሁ ካለ፣ ሲቀየር ቆማችሁ እዩና ሪፖርቱን ድጋሚ አስወጡ።

ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በላዩም የሞዴሉ ስምና የሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። ሴሪያሉ ከታች በኩል ያለውና ባዮስ ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ ካልተመሳሰለ ቦርዱ ተቀይሯል ወይም ክዳኑ የሌላ ማሽን ነው። ቢያንስ የአንድ ሳምንት መሞከሪያም በጽሑፍ ይሁን፤ የቃሉ ገዢው ሲወጣ ይረሳል። ደረሰኙ ለክርክር ብቻ አይደለም። ከድሬ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ለሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ አዲስ የሚመስል ኤሌክትሮኒክስ ያለ ደረሰኝ ይዞ ፈታሽ ፊት መቆም ደስ አይልም። የታሸገ ካርቶን ያለ ደረሰኝ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ።

9. የመጀመሪያው ምሽት

ቤት ስትደርሱ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ማሻሻያዎቹን ሁሉ ጨርሱ፤ መንገድ ላይ ከጀመረ ዳታችሁን ይጨርሳል። ባትሪውን 80 ላይ አቁሙ። አማርኛ ለመጻፍ የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለ፤ ካልለመዳችሁት ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ነፃ ነው።

ቦርሳው ለብቻው ኪስ ያለው ይሁን፤ ከውሃ ኮዳ ጋር አንድ ላይ አትክተቱት። በቆመ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ድሬ ላይ፣ ለአሥር ደቂቃም አትተዉት። አልጋ ላይ ስትሠሩ ፍራሹ መተንፈሻውን እንዳይደፍን ከሥሩ ትሪ ወይም ወፍራም ደብተር አድርጉ። ድሬ የምትኖሩ በየስድስት ወሩ፣ ሐረር ያላችሁ በዓመት ማራገቢያውን አስጠርጉ፤ አቧራው እንደ ጥጥ ሆኖ ነው የሚወጣው።

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛዋን ወሰደች፣ በአዲስ ባትሪ። ባለፈው ሳምንት ሐረር ሸዋ በር አግኝቻት «እንዴት ናት?» ስላት «ደህና ናት ጋሼ፣ ቦርሳው ነው ማንጠልጠያው የተበጠሰ» አለችኝ።